ሂዩማኒቲስ ምንድን ነው? ዲግሪውስ ለምን ይጠቅማል?

ሂዩማኒቲስ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ሰው የተናገረውን፣ የጻፈውን፣ ያመነውን፣ የሠራውንና ትቶት ያለፈውን መርምሮ ትርጉሙን ለማወቅ የሚደረግ ጥናት ነው። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ልሳን፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፎክሎር፣ ቴአትር፣ ሥነ ጥበብና ሙዚቃ በዚህ ሥር ይመደባሉ፤ አርኪዮሎጂም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሶሻል» የሚባለው ክፍል ታሪክን ከኢኮኖሚክስ ጋር አደባልቆ ስለሚያስተምር፣ ብዙ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ በሂዩማኒቲስና በማኅበራዊ ሳይንስ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቀውም። በጥቅሉ ሲታይ ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ ከአንድ ሰፈር ስንት ቤተሰብ እንደተነሣና ገቢው እንዴት እንደተለወጠ ሲለካ፣ የሂዩማኒቲስ ባለሙያ የተነሡት ሰዎች የሚሉትን፣ በእጃቸው ያለውን ወረቀትና የቀድሞውን ሰፈር ታሪክ ይዞ የትኛው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን ይመረምራል።

በዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በቱሉ ድምቱ፣ በኮየ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች «የእገሌ ልጅ ታሪክ ደረሰው» ሲባል ድምፁ የማስተዛዘን ነው። ለቤቱ የባንክ ዕዳ በየወሩ የሚከፍል፣ ልጁን በሁለት ታክሲ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ የኖረ ወላጅ «ታሪክ ተምሮ ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ትምህርት ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ግን ወላጁንም ተማሪውንም ያታልላል፤ በእኔ ግምት የዘርፉን ስም ከነቃፊዎቹ ይልቅ ያበላሸው ይህን መሰሉ ልፍስፍስ ጥብቅና ነው።

«ጥቅም የለውም» የሚለው ስም ከየት መጣ? ከፊሉ ከሥራ ገበያው ነው። በታሪክ ወይም በፍልስፍና ዲግሪ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ ከመምህርነት ውጭ ያለው ዕድል «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ከምትለው ሐረግ ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። ከፊሉ ግን በፖሊሲ የተሠራ ስም ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰባ ሠላሳ የተባለው የቅበላ ፖሊሲ ሲወጣ፣ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲመደብ ተወሰነ። በሠላሳው ውስጥም ሕግና አካውንቲንግ ቀድመው ስለሚመረጡ፣ ታሪክና ቋንቋ ብዙ ጊዜ ሳይመርጣቸው የተመደበ ተማሪ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ሆኑ። ሳይወድ ገብቶ ሳይወድ የተመረቀ ሰው ደግሞ ለታናሽ ወንድሙ «ተማረው፣ ይጠቅምሃል» ብሎ አይመሰክርም። ይኸው የትምህርት ሥርዓት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የተባለውን የፍልስፍና ኮርስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችም ጭምር በአንደኛ ዓመት እንዲወስዱት አድርጓል፤ የጎደለ ነገር እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ስለሚፈልጠው ተመራቂ በሚቀለድበት ዘመን ቀልዱ ዲፓርትመንት አልለየም፤ ኢንጂነሩንም ይጨምር ነበር።

ዲግሪው የሚሰጠው ችሎታ ምን እንደሆነ ለማየት ከሰፈር መውጣት አያስፈልግም። ከቱሉ ድምቱ ወደ ኮየ ፈጬ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ በአንድ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር የታሪክ ተመራቂ አውቃለሁ። ሰፈሩ «ተምሮ ተምሮ ኮፒ ቤት ቀረ» ይለዋል። አንድ ጊዜ እዚያ ወረፋ ስጠብቅ፣ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው አዛውንት ገብተው ነገራቸውን ሲዘረዝሩ ሰማሁ፤ የጃንሆይን ዘመን ከምርጫ 97፣ የአባታቸውን ነገር ከወንድማቸው ክስ ጋር እያደባለቁ ነበር። ልጁ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ «አባባ፣ መሬቱን ያገኙት ገበሬ ማኅበር ሲደለድል ነው ወይስ ከዚያ በፊትም የአባትዎ ነበር?» አላቸው። «አባቴማ የሰው ጭሰኛ ነበር፤ የራሳችን የሆነው ደርግ ሲመጣ ነው» አሉ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ምን እንደለወጠ የሚያውቅ ሰው ይህችን መልስ ሲሰማ አቤቱታው ከየት መጀመር እንዳለበት ይገባዋል። ቀጥሎ «ወንድምዎ ሲፈርሙ እርስዎ አይተዋል ወይስ ሰው ነው የነገረዎት?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ነበር የነገራቸው። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለው ያመጧቸውን የግብር ደረሰኞች በየዓመታቸው ደረደረ፤ የጎደሉትን ዓመታት ለብቻ ጻፈ፤ ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን እንደሰሙት ለይቶ አንድ ገጽ የማትሞላ ማመልከቻ አወጣ።

ለአንድ ገጽ ማመልከቻ አራት ዓመት መማር ያስፈልጋል ወይ ይባል ይሆናል። ለመተየብ አያስፈልግም፤ ትየባ በጥቂት ወራት ይለመዳል። በአንድ ሰዓት የተደባለቀ ንግግር ውስጥ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ተናገረ ብሎ መጠየቅ፣ ተናጋሪው ምን ጥቅም እንዳለው ማመዛዘን፣ ያው ነገር በሌላ ምንጭ ይደገፍ እንደሆነ መፈተሽና ያልታወቀውን እንዳልታወቀ መተው ግን የታሪክ ትምህርት ዋና ሥራ ነው፤ ይህም በአንድ ኮርስ ሳይሆን ተደጋግሞ በመታረም የሚመጣ ነው። የብድር ጥያቄ የሚመረምር የባንክ ሠራተኛ፣ ዜና የሚያጣራ ጋዜጠኛ፣ የሠራተኛ ክርክር የሚሰማ የሰው ኃይል ኃላፊ በየቀኑ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በየመልኩ ሲፈታው፣ ተማሪው የሚለማመደው አንድ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ፍች ሊሸከም እንደሚችልና እያንዳንዱ ፍች ማስረጃ እንደሚጠየቅበት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወረዳው መስኮት ፊት የሚታይ ነው። ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ «ኃይለማርያም»፣ በመታወቂያው «ሀይለ ማርያም»፣ በቤት ውሉ «ሐይለማሪያም» ተብሎ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሰው ሲያነባቸው አንድ ስም ናቸው፤ ኮምፒውተር ሲያነጻጽራቸው ሦስት ናቸው። ባለጉዳዩም አንድ ሰው መሆኑን ለማስመስከር ሲመላለስ ይከርማል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በዛሬው አማርኛ በድምፅ አይለያዩም፤ ሲጻፉ ግን የግዕዝን ሥርዓት ተከትለው የሚለዩባቸው ቃላት አሉ። የትኛው ልዩነት በመዝገብ ላይ መጠበቅ፣ የትኛው ደግሞ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መቆጠር እንዳለበት ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊወስን አይችልም፤ ጽሕፈቱንና የድምፁን ታሪክ ያጠና ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። አማርኛ የሚያነብና የሚጽፍ ሶፍትዌር በበዛ ቁጥር ይህ ፍላጎት የሚቀንስ አይመስልም፤ «አልነገርናቸውም» ብለን በአንድ ቃል ተናጋሪውን፣ ተደራሹንና አሉታውን አጣምረን የምንናገርበትን ቋንቋ ለማሽን ማስተማር የሥነ ልሳን ሥራም ነውና።

በአገር ደረጃ የአክሱም ሐውልት ጉዳይ አለ (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1937 ወደ ሮም የወሰደችው ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመልሶ በ2008 ሲተከል፣ ከ150 ቶን የሚበልጥ ድንጋይ ፈቶ ማጓጓዝና ዳግም ማቆም የመሐንዲስ ጥበብ ነበር። ሐውልቱ የመመለስ መብት ያገኘው ግን በወረቀት ላይ ነው። የ1947ቱ የሰላም ውል 37ኛ አንቀጽ ኢጣሊያ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋያተ ቅድሳት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። 18ቱ ወር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲፈጅ ጥያቄው እንዳይሞት ካደረጉት አንዱ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበር፤ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነ የታሪክ ምሁር።

ይህ ሁሉ ሲባል የተቺዎቹ ወቀሳ የሚገባው ዲግሪ የለም ማለት አይደለም። በመምህሩ ሃንድአውት ተምሮ፣ ሃንድአውቱን በቃሉ ሸምድዶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ደግሞ አዘጋጅቶ ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ የወጣ ተማሪ ከላይ የተዘረዘረው ችሎታ የለውም፤ ወረቀቱ የሚመሰክርለት ነገር በእጁ ስለሌለ ቀጣሪው ቢንቀው ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ምሩቅ በሌላውም ዘርፍ አለ፤ ልዩነቱ የሌላው ዘርፍ ምሩቅ ችሎታ ሲያጥረው ስሙ የሚጠፋው የእርሱ ብቻ ሲሆን፣ የታሪክ ምሩቅ ችሎታ ሲያጥረው የሚወቀሰው ታሪክ መሆኑ ነው። የመነሻ ደመወዙ ነገርም ሊደበቅ አይገባም። ሥራው ቶሎ አይገኝም፣ ሲገኝም መጀመሪያ ላይ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ወላጅ ይህን አውቆ ቢወስን ይሻላል።

ዘርፉን ሊመርጥ የሚያስብ ተማሪ እንግዲህ ጥያቄውን ከዲግሪው ስም ወደ ትምህርት ክፍሉ አሠራር ቢያዞረው ይበጀዋል። ተማሪዎች ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ገብተው መዝገብ ያገላብጣሉ? የአርኪዮሎጂ ተማሪው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙትን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የመልካ ቁንጥሬ ቦታዎች በአካል ያያል ወይስ በስላይድ ብቻ? የጻፉትን መምህር በቀይ አርሞ ይመልሳል? ሌላ ቋንቋስ ይጨምራሉ? በአዲስ አበባ ዳርቻ የሰፈር ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አፋን ኦሮሞ ካልቻለ ነባሮቹን አረጋውያን በአስተርጓሚ ነው የሚሰማቸው፤ የብራና መጻሕፍትን የሚመርጥም ያለ ግዕዝ ወይም ያለ ዐረብኛ ብዙ አይራመድም። እነዚህን ሲጠይቅ «እኛ ጋ ሃንድአውት ይሰጣል» የሚል መልስ ካገኘ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ዲፓርትመንት ይፈልግ።