የታችኛው የሽንት መስመር ኢንዛይሞች (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች)፣ የቱ የት ይገኛል

ታችኛው የሽንት መስመር ሲባል ፊኛውና ከፊኛ ሽንት የሚወጣበት ቱቦ ነው፣ ወንድ ላይ ቱቦውን ዙሪያውን የያዘው ፕሮስቴት የሚባለው እጢም አብሮ ይታያል። ደብረ ብርሃን በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም በተሰየመው ግቢ ለሚማሩ ልጆች ስለእነዚህ ኢንዛይሞች መረጃው በአማርኛ እንደልብ ስለማይገኝ ነው እዚህ የተሰበሰበው።

በደንብ የተጠናው ፕሮስቴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኩቸርና ቮልበርግስ የተባሉ ጀርመኖች አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም እዚህ እጢ ውስጥ ከሌላው በጣም በዝቶ እንደሚገኝ አሳዩ፣ በ1938 ጉትማን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች የፕሮስቴት ካንሰሩ አጥንት የደረሰባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኢንዛይሙ ከፍ እንደሚል አገኙ፣ በ1941 ሀጊንስና ሆጅስ የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ መለኪያ አድርገው የወንድ ሆርሞን ሲቀነስ እሱም አብሮ እንደሚወርድ አረጋገጡ፣ ሀጊንስም በ1966 ኖቤል ወሰደ። አሁን የአሲድ ፎስፋቴዝን ቦታ የያዘው ከፕሮስቴት የሚወጣውና ደም ውስጥ የሚለካው ፒኤስኤ ነው፣ እሱም ራሱ ኢንዛይም ነው (ብዙ ሰው የካንሰር ምልክት ብቻ ይመስለዋል)፣ ስራው የረጋውን የዘር ፈሳሽ ማቅጠን ነው። የተለመደው ወሰን በሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ቢሆንም እጢው ያለካንሰር ሲያድግም ሲቆጣም ስለሚጨምር፣ ምንም ህመም የሌለበትን አዛውንት ሁሉ መመርመር ላይ ሐኪሞች እስካሁን አይስማሙም። ፋይቭ አልፋ ሪዳክቴዝም እዚሁ አለ፣ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይቀይራል፣ ፊናስተራይድ የሚባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህን ኢንዛይም ነው፣ መድኃኒቱ ሲወሰድ እጢው ቀስ እያለ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው፣ ወራት ይፈጃል።

ፊኛ ላይ ዋናው አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ ነው፣ ጡንቻውን የሚያኮማትሩት ነርቮች አካባቢ ይበዛል፣ ነርቮቹ ጡንቻውን የሚያዙበትን አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይሰባብራል፣ በማይክሮስኮፕ ነርቮቹን ለማየትም እሱን ያቀልሙታል። የፊኛ ውስጠኛ ሽፋን የሲጋራና የቀለም ኬሚካሎችን የሚቀይሩ ኢንዛይሞች አሉት፣ ከፊኛ ካንሰር ጋር ሳይያያዙ አይቀሩም ይባላል። ቱቦው ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ የሚሰራው ኢንዛይም አለ፣ ጋዙም የቱቦውን ጡንቻ ያላላዋል።

መንዝም አንኮበርም ሽንት ያቃጠለው ሰው "ብርድ መቶኝ ነው" ብሎ ነው ጤና ጣቢያ የሚመጣው፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ስትሪፕ ላይ የሚታየው ኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም ግን ከፊኛው ስጋ ሳይሆን ከነጭ የደም ሴሎች የወጣ ነው። እዚያው ስትሪፕ ላይ የሚታየው ናይትራይት ደግሞ እንደ ኢ ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ኢንዛይም ሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ቀይረው የሚያመጡት ስለሆነ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል፣ የጠዋት ሽንት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ዩሪያን የሚሰባብረው ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው ሽንቱን አልካላይን ያደርግና ጠጠር ያስይዛል።