ደቻቱ፦ የድሬዳዋ ደረቅ ወንዝ

ደቻቱን መጀመሪያ ያየ እንግዳ «ወንዙ የታለ?» ቢል አይፈረድበትም። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ የለበትም፤ የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለይ ሰፊ አሸዋ ነው። ሰው አቋርጦት ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ ለግንባታ አሸዋ ይዛቅበታል። ቀፊራ ገበያም እዚያው ዳሩ ላይ ነው።

ድሬ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ቤቶችም ወደ ወንዙ ተጠጉ። ያ መሬት ግን የጎርፉ መፍሰሻ ነበር።

ጎርፉ የሚነሳው ከደንገጎና ከአካባቢው ተራሮች ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ተራሮቹ ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ርቀቱ አጭር፣ ቁልቁለቱ ብርቱ። ዛፉ ስለተመነጠረ ዝናቡ መሬት ሳይሰርግ ይንደረደራል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደራሽ ውሃ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሕዝቡ በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ።

ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳሩ ግንብ ተሠርቶለታል። ግንቡ ያስፈልጋል፣ አይካድም። ግን ደለል ሲሞላ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ግንቡ ደግሞ ያጥራል። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ሥራ ያለው ከላይ፣ ተራሮቹ ላይ ነው፦ እርከን፣ የድንጋይ ክትር፣ ችግኝ። የላይኛው ተፋሰስ አብዛኛው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ጎርፉ የሚያርፈው ድሬዳዋ አስተዳደር ላይ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሥራው ግማሽ ነው። ማሽላና ጫት የሚያለማው ገበሬም ከእርከኑ ጥቅም ካላየ ማንም አይጠብቀውም።

ሌላው ጉዳይ ከአሸዋው በታች ነው። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ በተለይ ሳቢያን ከሚባለው ሰፈር። (የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል፤ ከኖራ ድንጋዩ የመጣ ነው።) ጎርፉ በአሸዋው ሲያልፍ ከፊሉ ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይሞላል። ስለዚህ ወለሉን በሲሚንቶ ለመዝጋት የሚያስብ ካለ ቢተወው ይሻላል። ቆሻሻ መድፋትና የሽንት ቤት ጉድጓድ በዳሩ መቆፈርም የራስን መጠጥ መበከል ነው።

አሸዋ መዛቁ በራሱ ክፉ አይደለም። በልኩ ከሆነ ደለሉን ይቀንሳል፣ ለብዙ ሰውም እንጀራ ነው። ከግንቡና ከድልድዩ ሥር ሲቆፈር ግን መሠረቱ ይራቆታል። የት መዛቅ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል ምልክት ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከክረምቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።