«ቀና በል» ቢሉት የማይሰማ፦ ስለ ውሻ ፎቶ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ደምበጫ አካባቢ አጎቴ ዘንድ ስሄድ ካሜራ ተውሼ ነበር የሄድኩት። አጎቴን እኛ ቤት ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። ውሻቸው መቻል ይባላል። ጥቁር ነው፣ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ብሎበታል። በአንድ ቀን 60 ፎቶ አነሳሁት። ማታ ሳየው ሁሉንም ቆሜ ነው ያነሳሁት፣ ከላይ ወደ ታች፤ ጭንቅላቱ እንደ እንስራ፣ እግሩ እንደ ክብሪት እንጨት። አያ አንዷን አየት አድርገው «ይኸ ደግሞ የማን ውሻ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ውሻ አንስቻለሁ፣ ብዙም አበላሽቻለሁ። አሁን ጀማሪ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝን ስሰማ ችግሩ ያው የእኔው ነው፦ ውሻውን ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው እናየዋለን። ወንበር ላይ ቁጭ፣ ቀና፣ ፈገግ፣ ቀጭ። ውሻ ግን ፎቶ ሊነሳ አልመጣም። እሱ ወዳለበት የምንሄደው እኛ ነን። የሚከተሉት ወሬዎች አብዛኞቹ ይህንን ከመርሳት የመጡ ናቸው።

«ጥሩ ካሜራ ከሌለኝ ምን ዋጋ አለው?»

የእኔ 60 ፎቶ የተበላሸው በጥሩ ካሜራ ነው። የመጀመሪያው ሥራ መንበርከክ ነው፤ ትንሽ ቡችላ ከሆነ ደግሞ በደረት መተኛት። ሌንሱ ከውሻው ዓይን እኩል ሲሆን ፊቱ ፊት ይሆናል። ሱሪ ይቆሽሻል፣ ምን ይደረግ።

ሁለተኛው ስልኩን መጥረግ ነው። ኪስ ውስጥ የዋለ፣ የላብና የቅባት ጣት የነካው ሌንስ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ብዙ ሰው «ካሜራው ደከመ» የሚለው ይህንን ነው። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አታስጠጉት። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ በጣም ሲቀርብ አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮው ይሸሻል። አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ በሉና ስልኩ ራሱን የቻለ የዙም ሌንስ ካለው 2 እጥፍ ላይ አድርጉት። ከሌለው ዝም ብላችሁ አንሱና በኋላ ቁረጡት፤ በጣት እየሳቡ ማቅረብም ያው መቁረጥ ነው።

«ፀሐይ ቦግ ስትል ነው ፎቶ የሚያምረው»

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው። እኛ ጎጃም ያለነው ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ ነው። ሚያዝያ አጋማሽ እና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር ቢሆን ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ውሻ ላይ ምን ያደርጋል? ግንባሩና ጀርባው ያበራል፣ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይገባል። ዓይን የሌለው ፊት ይቀራል። ውሻውም ያጨነቁራል፣ ያለከልካል።

ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ገደማ፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያለው ከጎን የሚመጣ ወርቃማ ብርሃን ሌላ ነገር ነው። ግን እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ቶሎ ያልቃል፤ «ቡና ልጠጣና እመጣለሁ» ካላችሁ አለቀ።

እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው የሚመቸኝ የሚል ጥላ ይፈልግ። ዋርካ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ግን በቅጠሉ መሐል የሚያልፈው ብርሃን ውሻውን እንደ ነብር ነጠብጣብ እንዳያደርገው ተጠንቀቁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የበረንዳ ጥላ ነው። የአያን ቤት ላሳያችሁ፦ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ደጅ። መቻል የጥላው ጠርዝ ላይ ፊቱን ወደ ደጁ አድርጎ ይተኛል። ፀሐይዋ አትነካውም፤ ከሰማዩና ከደጁ የሚመለሰው ብርሃን ግን ፊቱ ላይ በለስላሳው ያርፋል። ዓይኑን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ውስጡ ትንሽ ነጭ ብልጭታ አለች። ያቺ ብልጭታ ከሌለች ውሻው የተሞላ አሻንጉሊት ይመስላል። እኔ ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት አሁን የማየው እሷን ብቻ ነው።

አንዱ ጎኑ ከጠቆረ የአያ ትንሿ ልጅ ነጭ ጋቢ ዘርግታ ትቆምልኛለች፤ ብርሃኑን መልሶ ይጥልበታል። ጋቢ ባይኖር ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ያው ሥራ ይሠራል።

ደመናስ? ደመና ጠላት አይደለም። የክረምት ሰማይ ራሱ ትልቅ መጋረጃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል። ጭቃውን ብቻ ቻሉት።

«ጥቁር ውሻ ፎቶ አይወጣለትም»

ይወጣለታል። የሚሳሳተው ካሜራው ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ጥቁር ውሻ ምስሉን ሲሞላው «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፣ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ከጀርባው ነጭ ሰማይ ካለ ደግሞ «በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፣ ውሻው የከሰል ቁራጭ ይሆናል። ነጭ ውሻ ላይም የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ያቆሽሸዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልክ ላይ የውሻውን ዓይን በጣት ንኩት፣ ከጎኑ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቡ፣ ፀጉሩ በዓይናችሁ የምታዩትን እስኪመስል። ከበስተጀርባው ሰማይ አታድርጉ፣ ድቅድቅ ያለ ጨለማም አታድርጉ። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክምር፣ አረንጓዴ አጥር፤ መካከለኛ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ ለጥቁር ውሻ ወዳጅ ነው። ብርሃኑ ደግሞ ከጎን ይምጣ፤ ያኔ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል።

«ከጀርባው እንዲደበዝዝ ሌንሱን እስከ መጨረሻ መክፈት ነው»

ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ላይ ቀርባችሁ ስታነሱ ጥርት የሚለው ቦታ ስስ ነው። የሰው አፍንጫና ዓይን ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ የውሻ አፍንጫ ግን ከዓይኑ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ካሜራው አፍንጫውን ይይዝና ዓይኑን ያደበዝዘዋል። ኤፍ 4 አካባቢ አድርጉ፣ ፎከሱን ወደ እናንተ የቀረበው ዓይን ላይ ጣሉ።

ከጀርባው እንዲደበዝዝ የምትፈልጉ ከሆነ ውሻውን ከአጥሩ አርቁት። አጥር ተደግፎ የቆመ ውሻ በምንም ሌንስ ከአጥሩ አይለይም፤ አምስት ስድስት ሜትር ሲርቅ ግን አጥሩ ራሱ ይሟሟል። መስከረም ጥቅምት ላይ ኑግ ሲያብብ ማሳው ከሩቅ ቢጫ ምንጣፍ ይሆናል። ለውሻ ከዚህ የተሻለ ዳራ አላውቅም። ብቻ የሰው ማሳ አትርገጡ፣ ዳር ዳሩን።

የስልኩ «ፖርትሬት ሞድ» ደግሞ ከውሻው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘው በስሌት ነው። ጢምና የጆሮ ፀጉር ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ ቆርጦ ይጥለዋል። ሞክሩት፣ ካስቀየመ አጥፉት።

«ስሙን ደጋግሞ መጥራት ነው፣ ያያል»

መጀመሪያ ያያል። አምስተኛው ላይ ይሰለቻል። እኔ «መቻል! መቻል! መቻል!» ስል የአያ ልጅ «ወንድምጋሼ፣ ተወው፣ ስሙንም ጠላው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ድምፅ አንዴ ነው የሚሠራው፦ ቀጭን ፉጨት፣ የፕላስቲክ ኮሽታ፣ እንግዳ የሆነ ነገር። ውሻ እኛ ከምንሰማው በላይ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰማ መጮህ አያስፈልግም። መጀመሪያ ተዘጋጁ፣ ፎከሱን ያዙ፣ ከዚያ ድምፅ፤ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደረገባት ሰከንድ ናት። የተቀመጠም ቢሆን ጭንቅላቱን ድንገት ስለሚያዞር የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አታውርዱት፣ ለሚሮጥ 1/1000 እና ከዚያ በላይ። ስልክ ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ የሚያነሳውን ተከታታይ አንሺ (በርስት) ተጠቀሙ። ከ100 ውስጥ 3 ከቀረላችሁ ጥሩ ቀን ነው።

ጉርሻውም ከሌንሱ አጠገብ ይያዝ። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሁን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ ሊወጋው ይችላል። ትንሽ ብጫቂ የተቀቀለ ሥጋ ትበቃለች።

«ፍላሽ ያድነናል»

ውሻ ዓይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፣ በሌሊት እንዲያይ የሚረዳው እሱ ነው። ፍላሹ እዚያ ላይ አርፎ ይመለስና ዓይኑ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አምፖል ይሆናል። ወደ መስኮት ውሰዱት፣ አለቀ።

«ጅራቱን ከቆላ ደስ ብሎታል»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጅራቱ ወደ ላይ ተገትሮ፣ ሰውነቱ ደርቆ በፍጥነት ከተንቀጠቀጠ ደስታ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ከንፈሩን የሚልስ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ፣ የዓይኑን ነጭ የሚያሳይ ውሻ «ተዉኝ» እያላችሁ ነው። ፊቱ ላይ የተገተረ ጥቁር ክብ ሌንስ ለእሱ የሚያፈጥ ዓይን ነው። መጀመሪያ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጡለት፣ ያሽትተው፣ ይርሳው።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ የማታውቁትን ውሻ ከሩቅ በዙም አንሱ፣ አትንበርከኩለት። የመንደር ውሻ ፎቶ አንሺና ሌባ አይለይም፤ ባለቤቱን ጥሩ፣ «ክላ!» የሚልላችሁ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

«ውሻ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያየው፣ መጫወቻው ምንም ይሁን»

ቢጫና ሰማያዊ ለይቶ ያያል። ቀይና አረንጓዴ ነው የሚምታታበት። ሣር ላይ ቀይ ኳስ ወርውራችሁ «ሰነፍ ውሻ» አትበሉት፤ ቢጫ ወርውሩለት።

ለገና አያ ዘንድ ስሄድ አንዷን ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ ወሰድኩ። በረንዳው ላይ ያነሳኋት ናት፣ ፊቱ ብቻ። አያ ወደ ብርሃን አውጥተው፣ አቅርበው፣ አርቀው፣ እንደገና አቅርበው አዩ። የማን ውሻ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጣታቸውን የመቻል ዓይን ላይ አድርገው «አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ የተንበረከከው ማነው?» አሉኝ።