ኢሜይል ለምን አይነበብም? የተዘበራረቀ ፎርማትና የተጣላ ቀለም

ጥቁር ጀርባ ላይ ጥቁር ጽሑፍ። ኢሜይሉን ስትከፍቱት ከላይ ሎጎ አለ፣ ከታች ሊንኩ በደብዛዛ ሰማያዊ ይታያል፣ መሀሉ ግን ጭልም ያለ ነው። ላኪውን ብትጠይቁት "እኔ ጋ ቁልጭ ብሎ ይነበባል" ይላችኋል። አልዋሸም። እሱ ጋ በእርግጥም ይነበባል።

ኢሜይል እንደ ወረቀት ደብዳቤ ታሽጎ፣ እንደተጻፈ የሚደርስ ነገር አይደለም። የሚላከው ጽሑፉና "እንዲህ አድርገህ አሳየው" የሚል መመሪያ ነው። መመሪያውን የሚፈጽመው የተቀባዩ አፕ ነው። አንዱ አፕ ሙሉውን ይሰማል፣ ሌላው ግማሹን ይጥላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል። ለብዙ ሰው በአንዴ የሚላክ ኢሜይል ላይ ችግሩ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ መቶ ሰው ጋ ሲደርስ መቶውም በየራሱ ስልክ፣ በየራሱ ሴቲንግ ያየዋል።

ከታሪኩ ትንሽ እንበል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የመጀመሪያውን የኔትወርክ ኢሜይል ሲልክ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም። ፎንትም የለም። በ1982 የወጡት የኢሜይል ደንቦችም የሚያውቁት አስኪ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ስብስብ ብቻ ነው፤ 128 ምልክቶች፣ በቃ። የአማርኛ ፊደል፣ ፎቶ፣ ደማቅ ጽሑፍ ይቅርና ጭረት ያለበት የፈረንሳይኛ ፊደል እንኳን አያልፍም ነበር። በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደረጃ አወጡ። አንድ ኢሜይል ውስጥ ብዙ ዓይነት ይዘት መጫን የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የድሮው ቧንቧ ግን አልተቀየረም፤ አዲሱ ነገር በላዩ ላይ ተደረበ እንጂ። ዛሬ የምናየው ዝብርቅርቅ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ድርብርብ ነው።

የቀለሙ ነገር

ዳርክ ሞድ፣ ማለትም ስክሪኑን በጥቁር ጀርባ የሚያሳየው ሴቲንግ፣ ወደ ማክ ኮምፒውተሮች በ2018፣ ወደ አይፎንና አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በአይኦኤስ 13ና በአንድሮይድ 10 በ2019 ገባ። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው "ጀርባው ነጭ ነው" ብሎ ይጽፍ ነበር። ማንም አልተናገረውም እንጂ የሁሉም ኢሜይል መሠረት ይኸው ግምት ነበር። ዳርክ ሞድ ሲመጣ ግምቱ ፈረሰ።

አፖቹ ነገሩን በሦስት መንገድ ይይዙታል። አንዳንዶቹ ዙሪያውን ብቻ ያጠቁሩና ኢሜይሉን አይነኩትም። አንዳንዶቹ ነጭ ጀርባን ወደ ጥቁር፣ ጥቁር ጽሑፍን ወደ ነጭ ይገለብጡና ሌላውን ይተዉታል። የቀሩት ሁሉንም ይገለብጣሉ፤ መጀመሪያውኑ ጥቁር ሆኖ የተሠራውን ኢሜይል እንኳን ወደ ነጭ ያዞሩታል። ላኪው የትኛው እንደሚደርሰው ማወቅ አይችልም።

በእኔ እምነት ግን ከማይነበቡት ኢሜይሎች አብዛኞቹን የሚያበላሻቸው መጥፎ ቀለም መምረጥ አይደለም። ግማሹን መምረጥ ነው። ሰው የጽሑፉን ቀለም "ጥቁር" ብሎ ይወስንና ጀርባውን ሳይነካ ይተወዋል። ጀርባውን የተቀባዩ ስልክ ይመርጣል፣ ስልኩም ጥቁር ይመርጣል። ደንቡ አንድ ነው፦ ወይ ሁለቱንም ወስኑ፣ ወይ ሁለቱንም ተዉ። ሁለቱንም ከተዋችሁ አፑ ለራሱ የሚስማማውን ጥንድ ያመጣል፣ እሱም ሁልጊዜ ይነበባል።

"እኔ ግን ቀለም አልመረጥኩም" የሚል ብዙ አለ። መርጧል፣ ግን አላወቀም። ጽሑፉን ከወርድ ወይ ከሆነ ድረ ገጽ ኮፒ ሲያደርግ ፎንቱ፣ መጠኑ፣ የፊደሉ ቀለምና አንዳንዴም ነጭ ጀርባው አብረው ተሳፍረው ይመጣሉ። ከአንቀጾቹ ስር ብቻ ነጭ ነጭ ሽርጥ የተነጠፈበት ኢሜይል አይታችሁ አታውቁም? ያ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ነው። አፑ ፊደሉን ለዳርክ ሞድ ብሎ ካነጣውና ሽርጡን ከተወው ደግሞ ነጭ በነጭ ይሆንና አረፈው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ አንድ ላይ ሲነኩ ጽሑፉ ያለ ፎርማት ይለጠፋል። የተለጠፈ ካለም መርጦ "ፎርማት አጥፋ" የሚለውን መጫን ነው። ደማቁንና ሊንኩን እንደገና መሥራት አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ቀለም መምረጥ የግድ ከሆነ በዓይን መገመት ያታልላል፣ በቁጥር ማየት ይሻላል። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው በ2008 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የጽሑፍና የጀርባ ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 ይበቃል። ጥቁር በነጭ 21 ለ 1 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። አሁን የምናውቃቸውን ቀለሞች እንያቸው። ንጹሕ ቀይ በነጭ ላይ 4 ገደማ ነው፤ አዎ፣ ሁሉም "ትኩረት" ብሎ የሚጽፍበት ቀይ ይወድቃል። ቢጫ በነጭ 1.07 ነው፣ ያው እንደሌለ ቁጠሩት። ንጹሕ ሰማያዊ በነጭ 8.6 ያገኝና በጥቁር 2.4 ላይ ይወርዳል፤ መግቢያው ላይ ያልነው ሊንክ የደበዘዘው ለዚህ ነው።

ግራጫ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። #777777 የሚል የቀለም ቁጥር ያለው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 ሆኖ ለጥቂት ይወድቃል። #767676 ግን 4.54 ሆኖ ያልፋል፣ በድፍን ጥቁርም ላይ 4.6 ያመጣል። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ያለፈ ቀለም አገኘን ብላችሁ እንዳትደሰቱ። የአፖቹ ዳርክ ሞድ ብዙ ጊዜ ድፍን ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ግራጫ ነው፣ እዚያ ላይ ንፅፅሩ መልሶ ከ4.5 በታች ይወርዳል።

ሌላው "መልሴን ከታች በቀይ ጽፌዋለሁ" የሚባለው ልማድ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ተቀባዩ "የቱ ነው ያንተ?" ብሎ እስኪመልስልኝ ድረስ። እሱ ኢሜይል የሚያነበው በተራ ጽሑፍ ነበር፣ ቀለሙ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀለሙ ቢደርስ እንኳን ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው አይለዩም። ከመልሱ ፊት ስም መጻፍ ወይም ከሌላው ሰው ጽሑፍ ፊት የጥቅስ ምልክቱን ">" ማድረግ ከቀለም ይሻላል።

መስመር ሲሰባበር፣ ፊደል ሲቀየር

የአሁኑ የኢሜይል ጽሑፍ ደንብ፣ አርኤፍሲ 5322 የሚባለው፣ አንድ መስመር ከ998 ምልክት እንዳያልፍ ያስገድዳል፣ ከ78 ባያልፍ ደግሞ ይመርጣል። ላኪው አፕ 78 ላይ ይቆርጣል፣ የስልኩ ስክሪን 40 ላይ እንደገና ይቆርጣል። ውጤቱ እንደ ማበጠሪያ ነው፤ አንድ ረጅም መስመር፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ "ፎርማት ፍሎውድ" የሚባል ዘዴ ወጥቷል፣ አሁን የሚሠራበት እትም የ2004 ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ "ይቀጥላል" ብሎ ይጠቁማል። የማያውቀው አፕ ግን ብዙ ነው። ጽሑፉን ስትጽፉ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር አትንኩ፤ የአንቀጹ መጨረሻ ላይ ብቻ።

በየቦታው "=20" እና ብቻውን የቆመ "=" የሚታይበት ኢሜይል ደግሞ ሌላ በሽታ አለበት። ድሮ ለአስኪ በተሠራው ቧንቧ ሌላ ፊደል ለማሳለፍ የተፈጠረ ማሸጊያ አለ፤ ተቀባዩ ጋ ሳይፈታ ቀርቷል ማለት ነው። ማሸጊያው ለእኛ ፊደል ደግሞ ደግ አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደሎች ለኮምፒውተር በሚጽፈው ደንብ) 3 ባይት ነው፣ ሲታሸግ እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ይሆናል፣ ስለዚህ "ሀ" ብቻዋን 9 ምልክት ትፈጃለች።

የአማርኛ ኢሜይል ተበላሽቶ ሲመጣ ምን እንደሚታይ ልብ በሉ፣ ብልሽቱ ራሱ ይናገራል። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ማሽኑ ላይ የጠፋው ፎንት ነው። ጭረት ያለባት የላቲን "ኤ" (á) በየሦስት ምልክቱ የምትደጋገም ከሆነም አትደንግጡ፤ የተለመዱት የግዕዝ ፊደሎች ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፣ አፑ ዩቲኤፍ-8ን እንደ ምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ አንብቦት ነው። ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደሉ የሚነበብበትን ደንብ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ያድነዋል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን አለቀ። ፊደሉ መንገድ ላይ ተተክቷል፣ እንደገና ይላክልኝ ከማለት ውጪ መላ የለውም።

ላኪው የሚያደርገው

ዲዛይን ያለው ኢሜይል የሚሠራ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። አውትሉክ በ2007 እትሙ የኢሜይሉን ገጽ የሚስለውን ሞተር ከብራውዘር ወደ ወርድ ቀየረው፣ ከዚያ ወዲህ ዲዛይነሮች በድረ ገጽ ላይ የተረሳውን የሠንጠረዥ አሠራር እስከ ዛሬ ይዘው ቀርተዋል። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ያለፈ ኢሜይል ከመሀል ይቆርጣል። ቀለሞቹ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጋር ቢጻፉ ይሻላል፣ ምክንያቱም በኮዱ ራስጌ ላይ የተቀመጠ ሲኤስኤስን (የቀለምና የመልክ መመሪያውን) የሚጥሉ አፖች አሉ። "ለብርሃንም ለጨለማም ተዘጋጅቻለሁ" የሚል መግለጫ በኮዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ የሚሰማው ግን ሁሉም አይደለም። ሎጎው ጀርባ የሌለው ጥቁር ምስል ከሆነ በዳርክ ሞድ ይጠፋል፤ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ጠርዝ ይበቃዋል። ዋናውን መልእክት ደግሞ በምስል ውስጥ አትጻፉ፣ ምስል የማይከፍቱ አፖች ብዙ ናቸውና።

የተረሳ ግን ትልቅ ነገር፦ ማይም አንዱን መልእክት በሁለት መልክ አብሮ መላክ ይፈቅዳል፣ ተራ ጽሑፉ ይቀድማል፣ ያጌጠው ይከተላል። ተቀባዩ የሚችለውን ይመርጣል። ብዙ ላኪ ግን ተራውን ባዶ ይተወዋል፣ ወይም "አፕዎ ይህን አያሳይም" ብሎ ብቻ ያልፋል። ይሄ ንቀት ነው የሚመስለኝ። ከመላክ በፊት ደግሞ ለራስ ልኮ በስልክም በኮምፒውተርም፣ በብርሃንም በጨለማም መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተቀባዩስ?

ላኪው እስኪያስተካክል መጠበቅ አያስፈልግም። ፈጣኑ ዘዴ ሁሉንም መምረጥ ነው፦ ኮንትሮልና ኤ። የተመረጠ ጽሑፍ የራሱ ጀርባ ስለሚመጣለት የተደበቀው ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። አውትሉክ ላይ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፣ ያንን አንድ መልእክት ብቻ ወደ ነጭ ጀርባ ይመልሳል። ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው መልእክቱን እንደ መጀመሪያው፣ በቀላል መልክ ወይም በተራ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለው፤ በተራ ጽሑፍ ማንበብን ቋሚ ማድረግም ይችላል። መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያንን ሁሉ ጌጥ ማን ይናፍቃል?

መልስ ስትሰጡ ደግሞ የቆየውን ጭራ ቁረጡ። እያንዳንዱ መልስ የቀደመውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ሰባተኛው ላይ ስልክ ላይ የሚቀረው በአንድ መስመር ሁለት ቃል ብቻ የሚይዝ ቀጭን አምድ ነው፣ እያንዳንዱም ሰው የራሱን ቀለም ጥሎበት ሄዷል። የምትመልሱለትን ሁለት መስመር ብቻ አስቀሩ።