የልጅነት ኑሮ ደረጃ ምንድን ነው?

«አሥር ዓመት ሳይሞላዎት በፊት ጫማ ያደርጉ ነበር?»

በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የጤናና የእርጅና ጥናት 50 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲያነጋግር ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ብቻ ጠይቆ አልተመለሰም። ሽንት ቤቱ ከቤት ውስጥ ነበር ወይ? የሚተኙት ምግብ በሚበስልበት ክፍል ነበር ወይ? ጦምዎን ያድሩ ነበር ወይ?

የልጅነት ኑሮ ደረጃ የሚባለው የእነዚህ መልሶች ድምር ነው፤ የወላጆች ትምህርትም ይታከልበታል። ገቢን መጠየቅ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት አባታቸው በወር ስንት ፔሶ ያገኙ እንደነበር ከየት ያመጡታል? አባትየው በቆሎ አምርተው ለጓዳቸው የሚያውሉ ገበሬ ከነበሩማ ቁጥሩ ከመነሻውም የለም። በባዶ እግር መሄድን ግን ማን ይረሳል? ጫማ በዚያ አገር እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ጫማ የሚያደርገውን፣ ሁዋራቼ የሚባለውን ሸበጥ የሚጫማውንና ባዶ እግሩን የሚሄደውን ለይቶ መዝግቧል።

የአዋቂነት ኑሮ ደረጃ ሌላ ነው፦ የራስ ትምህርት፣ ሥራ፣ ገቢ፣ ቤትና ንብረት። ወላጆቹን ለመርዳት ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ጡረታ ያለው ሥራ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተከታትለው ይሄዳሉ። ሆኖም ከገጠር ወጥቶ ሜክሲኮ ሲቲ ፋብሪካ የገባ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 በቆየውና ሜክሲኮያውያንን ለጊዜያዊ ሥራ ወደ አሜሪካ በወሰደው የብራሴሮ ውል እርሻ ላይ ሠርቶ ኑሮውን ያቃና ሰው አለ። ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፦ ኑሮ ሲቃና የልጅነት ረሃብ ከሰውነት ይወጣል ወይ?

ከፊሉ አይወጣም። ጥናቱ ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑትን መርጦ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ያለውን ርዝመት ለክቷል። ሰው ሲያረጅ ጀርባው ይጎብጣል፣ ቁመቱ ያጥራል፤ የቅልጥሙ አጥንት ግን በልጅነቱ ባደገበት ልክ ይቀራል። አጭር ቅልጥም የዘር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሳይበሉ ያደሩባቸው ሌሊቶች ምልክትም ሊሆን ይችላል።

የልጅነት ኑሮ ለእርጅና ጤና ያለው ድርሻ ሲሰላ፣ የራስ ትምህርት ስሌቱ ውስጥ ከገባ የልጅነት ድርሻ ያነሰ መስሎ ይታያል። ይህን አይቶ «ዋናው ትምህርት ነው፣ ልጅነት አይደለም» ለማለት የሚቸኩል አለ። ትምህርቱንስ ማን አስቋረጠውና?

ደግሞም መልስ የሰጡት 50 ዓመት የደረሱት ብቻ ናቸው። ድህነቱ በልጅነታቸው የቀጫቸው መጠይቁ ውስጥ የሉም።