ዕቃ ከገበያ ሲጠፋና ዕቃ ከገበያ ሲሰበሰብ

«ምርቱ ከገበያ ጠፋ» እና «ምርቱ ከገበያ ይሰብሰብ ተባለ» የሚሉት ሲምታቱ ደጋግሜ ስለማይ፣ ልዩነቱን ላስረዳ።

የአቅርቦት ሰንሰለት ተስተጓጎለ ሲባል ዕቃው እናንተ ጋ መድረስ አቃተው ማለት ነው። ፋብሪካ ቆሟል፣ መርከብ ዘግይቷል፣ ጥሬ ዕቃ ጠፍቷል። ዕቃው ራሱ ግን ጤነኛ ነው። ይሰብሰብ ሲባል ነገሩ ይገለበጣል። ዕቃው ደርሷል፤ ምናልባትም ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አደጋ ወይም ጉድለት ስለተገኘበት ይመለስ ተባለ።

ግራ የሚያጋባው አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ባትሪው እየተቃጠለ ሲያስቸግር፣ ኩባንያው 2.5 ሚሊዮን ገደማ ስልኮች እንዲመለሱ ጠራ። በምትኩ የሰጣቸው ስልኮች የሌላ አቅራቢ ባትሪ ነበራቸው። እነሱም ተቃጠሉ! ሲመረመር የመጀመሪያው ባትሪ ጥጉ ላይ ተጨፍልቋል። ሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ከብየዳ የተረፈ ሹል ነገር ተገኘ። ሁለት አቅራቢ፣ ሁለት የተለያየ ጉድለት። ስልኩ ጨርሶ ከምርት ወጣ። በጥድፊያ አቅራቢ መቀየር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

የይመለስ ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የተወሰነ የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተ ዕቃ መለያ ቁጥር) ያለውን ምርት ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትደንግጡ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ፤ ከገጠመ ወዲያው መጠቀም አቁሙ። ገንዘብ ይመለስ፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ግን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል።