የኑክሌር ዝቃጭ ምንድን ነው?

መስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጉዳይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። እዚህ ጎጃምም ስለሚመጣው መብራት ይወራል። «ዝቃጩስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። መጠየቅ ያለብን ደግሞ አሁን ነው።

ዝቃጭ ማለት ከማመንጫው የሚወጣ ጨረራ ያለበት ቆሻሻ ነው፤ የተበከለ የሠራተኛ ጓንት ሳይቀር ይካተታል። ከባዱ ጣጣ ግን ያገለገለው ነዳጅ ነው። ብዙ ሰው የሚፈስ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። የጣት ጫፍ የምታክል ድፍን የዩራኒየም እንክብል ናት፤ ረጃጅም ቱቦ ውስጥ ትደረደራለች። ኃይሉ ከሚመነጭበት ማብላያ ስትወጣ ትግላለች፤ ጨረራዋም አጠገቧ የቆመን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለዓመታት ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ትቆያለች። ውሃው ያቀዘቅዛታል፣ ጨረራውንም ይከልላል። ከዚያ በወፍራም ብረትና ኮንክሪት ትታሸጋለች።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የታወቀ ነው። መከራው ጊዜው ነው። ባገለገለው ነዳጅ ውስጥ ካሉት ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሲዚየም 137 በ30 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሉቶኒየም 239 ግን ግማሽ እስኪሆን ብቻ 24,000 ዓመት ይፈጃል። ይህን ያህል ዘመን ዘብ የሚቆም መንግሥት የለም። ስለዚህ የተሻለው መላ ጥልቅ ዓለት ውስጥ መቅበር ነው።

ፊንላንድ ኦንካሎ በተባለ ቦታ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ቆፍራለች። ነዳጁ በመዳብ ዕቃ ይታሸጋል፤ ዙሪያው ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። የእኛ ገበሬ ይህን ጠባይ አሳምሮ ያውቀዋል። ዋልካ መሬት ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፣ ስንጥቁም ይገጥማል። ቤንቶናይትም እንዲሁ አብጦ ውሃውን መንገድ ይዘጋበታል።

ዋናው ጠላት ውሃ ነዋ! ዕቃውን የሚበላው፣ መርዙንም ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነው። ጀርመን አሴ በተባለ አሮጌ የጨው ማዕድን ማውጫ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 ድረስ ወደ 126,000 በርሜል ዝቃጭ ከተተች። ያውም ከባዱን ነዳጅ አይደለም። ማውጫው ውስጥ ውሃ ገባ። አሁን በርሜሎቹን መልሶ የማውጣት ዕቅድ ተይዟል፤ ይህ ደግሞ ከመክተቱ እጅግ ይከብዳል።

ጮቄን አስቡት። ዓለት ነው፤ ግን ከየጎኑ ምንጭ ይፈልቃል፣ ውሃውም ዓባይ ይገባል። ዓለት ስለሆነ ብቻ ሁሉም ተራራ መቅበሪያ አይሆንም።

ሌላም መንገድ አለ። ባንግላዴሽ ሩሲያ ከምትሠራላት የሩፑር ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ ወደ ሩሲያ እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተስማምታለች። በእኛስ ውል ይህ ይገባል ወይ? ካልገባ የትኛው ዓለት ነው የሚጠናው? ወጪውንስ የሚችለው ማን ነው? ማመንጫው የሚቆምበት ቦታ ከመመረጡ በፊት መልሱ በግልጽ ይነገረን።